ድንጋዩን የሚጠብቀው ዓሣ

ልጅ ሳለሁ ባሕር አይቶ የተመለሰ ሰው በመንደራችን አንድ ብቻ ነበር፤ አያ ሙሄ። ወጣትነቱን አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ጨርሶ፣ ወገቡ ሲጎብጥ ባቲ አጠገብ ወዳለችው መንደራችን ገባ። ሲመሻሽ ደጁ ላይ የማሽላ አገዳ ያነድና እሸት እየጠበሰ ያወራልን ነበር። የአገዳ እሳት ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይከስማል፤ ስለዚህ ወሬው መሀል ላይ እየተቋረጠ፣ አንዳችን አገዳ እየጨመርን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስነባን ነበር የምንሰማው። ግማሹን አናምነውም። ያኔ ለእኛ ጨው የሆነ ውሃ ራሱ ተረት ነበር።

ማሽላው ሲያሽት ቀን ቀን ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮና ወፍ መጠበቅ የልጅ ሥራ ነው። ሲመሽ አባቴ መጥቶ ይተካኛል፤ እሱ ሳይመጣ አይወረድም። አንድ ቀን ግን ከአያ ሙሄ ደጅ ጭስ ሲነሳ አየሁና፣ ፀሐይዋም ለመጥለቅ ጥቂት ነው የቀራት ብዬ ወንጭፌን ትቼ ወረድኩ። ዝንጀሮዎቹ ያችን ጥቂት ጊዜ ሲጠብቁ ኖረዋል። አባቴ ሲደርስ በገደሉ በኩል ያለው ማሽላ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

አልመታኝም፤ አልተቆጣኝምም። በማግስቱ የተሰበረውን ሲለቅም ዋለና ማማው ላይ ወጣ። አጨዳ እስኪደርስ ቀንም ሌሊትም እዚያው ሆነ። ምግቡን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ይቀበለኛል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ፊቱ በፀሐይና በእንቅልፍ ማጣት ጠቆረ።

አንድ ምሽት ለአያ ሙሄ «አባቴ ጠልቶኛል» አልኩት።

«አንተ ቂል!» አለኝ። «ና ቁጭ በል። አገዳም ጨምር።»

ያኔ ነው የዓሣውን ነገር የነገረን። ወርዱ መዳፍ የሚያህል፣ ጀርባው ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አምስት ጥቁር መስመር የወረደበት ዓሣ ነው። ከአፋር ዓሣ አጥማጆች ጋር ወርዶ አይቶታል። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ወንዱ ከመንጋው ተለይቶ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። እዚያ አበባ ከመሰለው የባሕር ድንጋይ መሀል አንዱን ይመርጥና በአፉ እየለቀመ ያጸዳዋል። ሴቷ ዕንቁላሏን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። እሱ ይቀራል። ንጹሕ ውሃ እንዲደርሳቸው በክንፉ ሲያራግብ ይውላል፣ መልኩም ይጠቁራል፤ የመጣውን ሁሉ፣ ሰውም ቢሆን፣ ይነክሳል።

«ወላሂ፣ እኔንም ነክሶኛል!» ብሎ ጣቱን አሳየን።

«ጠባሳው የታለ?» አልነው።

«የባሕር ንክሻ ጠባሳ የለውም» አለ። ሳቅን።

እኔ ግን «አይርበውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረገ። «ይርበዋል። ሲብስበት ከገዛ ዕንቁላሉ ጥቂት ይበላል። ከዚያ ተመልሶ ይጠብቃል። አባትህ አልጠላህም ልጄ። አፉ ሥራ ላይ ሆኖ ነው።»

የዓሣው ልጆች አንድ ቀን ሲመሽ ተፈልፍለው ማዕበል ይወስዳቸዋል አለን። ከዚያ እሳቱ ከሰመ፣ እናቴም ተጣራች። ዓሣው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። አድጌ ትዳር ይዤ፣ ዲቪ ደርሶን ከነቤተሰቤ ኮሎምበስ ከተማ ከገባን በኋላ ፖላሪስ በሚባል ሰፈር አንድ የቢሮ ሕንጻ ላይ የጽዳት ሥራ ያዝኩ። ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሲሠራ፣ በዚያ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት የምንገኘው እኔና መግቢያው ላይ ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ብቻ ነበርን። ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መወልወያዬን ተደግፌ ስቆም፣ አየሁት። አምስት ጥቁር መስመር፣ የጠቆረ ቢጫ ጀርባ። ከድንጋይ አጠገብ ቆሞ ክንፉን ያራግባል። ድንጋዩ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ተለጥፏል። ገንዳውን የሚያጸዳው ሰውዬ እጁን ሲያስገባ ነከሰው። አያ ሙሄ አልዋሸም።

በዚያው ሰሞን ልጄ ሐያት በአውሮፕላን አምስት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ኮሌጅ ገባሁ አለች። እዚሁ ከተማ ትማራለች ብዬ ነበር የማስበው። በአገራችን ልጅ አባቱ ሳይመርቀው መንገድ አይወጣም፤ እሷም «አባዬ፣ መርቀኝ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። እናቷ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ተሰፋ እንዴ? ልጅቷ ባዶዋን ትሂድ?» ስትለኝ እንኳ ጫማዬን አስሬ ወደ ሥራ ወጣሁ።

የመሄጃዋ ዋዜማ መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር ሐያት ከሥራ ልትወስደኝ መጣች።

«አባዬ፣ ስንቴ ኮል አደረግኩልህ! ለምን አታነሳም?»

በእጄ ገንዳውን አሳየኋት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ኪውት!»

«ይነክሳል» አልኳት። ከዚያም የአያ ሙሄን ተረት፣ ማማውን፣ ዝንጀሮዎቹን፣ የአባቴን ዝምታ ነገርኳት። ለልጄ ተረት ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቃሉ እየጠፋኝ፣ እየተንተባተብኩ ነው የጨረስኩት። እሷ ከመስታወቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ልጆቹ ከሄዱ በኋላስ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ የነበረው ዕንቁላል ካለፈው ቀን ጀምሮ አልነበረም። ዓሣው ግን ከቦታው አልተነሳም፤ ባዶውን ድንጋይ በአፉ እየለቀመ ነበር።

«ይኸው» አልኳት። «ድንጋዩን ያጸዳል።»

ከመስታወቱ ወደ እኔ ዞረችና «አፕሴት ሆነህብኛል አይደል?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው» አልኩ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። «እጅሽን ዘርጊ።»

ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

«መንገድሽ ይቅና። ከክፉ ይሰውርሽ። በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ።»

«አሚን» አለች። የአባቴ ምርቃት ከዚህ ይረዝም ይሆን ብዬ አሰብኩ። አላውቅም። መልካም ነገር ሲነግረኝ ሳልሰማው ነው የሞተው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሐያትን ክፍል እጠርጋለሁ። ያቆሸሸው ሰው የለም። እናቷ በበሩ አይታኝ ታልፋለች። እሳቱ ሲከስም የቀረብኝን የአያ ሙሄን ተረት፣ ያን የመጨረሻውን ክፍል፣ ሳላውቀው እጄ እየጨረሰው ይመስለኛል።