ሠርከአዲስ ወደ ሰባተኛ ክፍል ስትወጣ

ጎባ ላይ አንደኛ ክፍልን ወድዶ የሚያስተምር ሰው ብርቅ ነው። በጳጉሜ መምህራኑ ተሰብስበው ክፍል ሲደለደሉ፣ አንደኛ ክፍል የደረሰው ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ንፍጥ መጥረግ፣ ጫማ ማሰር፣ "ቲቸር፣ እሱ መታኝ" ሲባል መዋል ማን ይወዳል? መምህርት ሠርከአዲስ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር እጇን ቀድማ አውጥታ አንደኛን ትወስዳለች። ባልደረቦቿ የልጅ ፍቅር ያለባት ይሏታል። "መዘጋጀት ስለማትወድ ነው" የሚልም አይጠፋም። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ሠርከአዲስ አትሰማም።

በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት ታይፎይድ ታማ ስትነሳ፣ ግራ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስላት ነበር። ከዚያ የወፎች ድምፅ ሄደ። ከዚያ ዝናቡ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ የጎባ ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ በዓይን እያዩ አለመስማት እንዴት ያለ ነገር ነው! በመጨረሻ የቀራት፣ ሰው ፊቷ ቆሞ ሲጮህ ከሩቅ የሚደርስ ጉምጉምታ ነው። ሌላውን ከከንፈር ታነባለች።

አንደኛ ክፍል ለእሷ የተፈጠረ ነበር። ሕፃን አያንሾካሹክም፤ ሲመልስ በአፉ ሙሉ ነው። ሊያናግራት ከፈለገ ቀሚሷን ይጎትታል። ግቢው መሐል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ይጎርፋል፤ እሷም አብራ ትነሳለች። ቀኑን ሙሉ ከእነዚያው ልጆች ጋር ስለምትውል ከማንም ጋር ክፍለ ጊዜ አትሻማም። ያለ ጆሮ ታስተምር ነበር፤ ያውም አሳምራ። ጥር ሳይወጣ ልጆቿ ያነባሉ።

ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህሩ ፍቅረየሱስ ድልድሉን ሲናገር ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ።

"እትዬ ሠርኬ፣ በክረምት ተምረው ዲግሪዎን ይዘዋል። ባለ ዲግሪ አንደኛ ክፍል ባስቀምጥ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው። የሒሳብ አስተማሪያችን ወደ ሮቤ ተዛውሯል፤ ሰባተኛን ይውሰዱልን።"

"እኔ የምመርጠው አንደኛን ነው።"

"ምክንያትዎ ምንድን ነው?"

ምክንያቱ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዓይኑ የደከመ አንድ መምህር ወደ ንብረት ክፍል ተወስዶ፣ ጡረታው እስኪደርስ የተሰባበረ ዴስክ ሲጠብቅ አይታለች። ከዚያ ወዲያ መምህር ብሎ የጠራው ሰው የለም።

"እንዲሁ... ለምጄው ነው" አለች።

"መልመድማ ምክንያት አይሆንም።"

ሲወጡ የሳይንስ አስተማሪው ወዚር፣ የቆየ ጓደኛዋ፣ ከፊቷ መጥቶ ቆመ።

"አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ አንቺ! ከንፍጥ ተገላገልሽ። እኔ ሰባተኛን በምንም አልለውጥም። ልጅም አይደሉ፣ ትልቅ ሰውም አይደሉ። ግን ተጠንቀቂ፤ አስተማሪ ማጥናት ይወዳሉ። የቱ ጋ እንደሚያምሽ እስኪያገኙ ዕረፍት የላቸውም።" ሳቀ። "ያገኙት ዕለት አለቀልሽ!"

እሷም ከንፈሩን ተከትላ ሳቀች። 

መስከረም ላይ ሰባተኛ ለ ስትገባ፣ ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም መስኮቶቹ ላይ ተለጥፎ ክፍሉ ደብዝዞ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ፊት የላቸውም፤ ሹራብና ኮፍያ ብቻ ናቸው። ጠየቀቻቸው። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አጉተመተሙ። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምራ ታውቃለች። ከተደፋ ፊት ላይ ግን የትኛውም አይነበብም።

"ወጥተህ ሥራው" ማለት ጀመረች። "ነይ፣ ሰሌዳው ላይ አሳዪን።" ሒሳብ ደግ ነው፣ በጠመኔ ይጻፋል። ለተወሰኑ ሳምንታት ያዋጣት መሰላት።

ያጋለጣት ደወሉ ነው። አንድ ቀን ጽፋ ጽፋ ዞር ስትል፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ዘግተው ያዩዋታል። ወዚር በሩ ላይ ቆሟል።

"ዛሬ ሒሳብ ጣፈጠ መሰለኝ! የእኔንም ክፍለ ጊዜ ልትበሉት ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሀዋኒ ብቻ አልሳቀችም። ሀዋኒ የክፍሉ ቀንደኛ ናት፤ እሷ ያለችው ይሆናል። ዓይኗን ከሠርከአዲስ ጆሮ ላይ አላነሳችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በቀስታ መጣ። አንድ ጠዋት ከሰሌዳው ዞር ስትል፣ መተላለፊያው ላይ አንድ ዴስክ በጀርባው ተገልብጧል። መቼ እንደወደቀ አታውቅም። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው።

"አንሱት" አለች።

አነሱት። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ነው ያስፈራት።

በማግስቱ ሀዋኒ ደብተሯን ልታሳያት መጣችና አፏን በመዳፏ ከልላ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"አፍ ይዞ ማውራት ነውር ነው" አለች ሠርከአዲስ።

ሀዋኒ እጇን አወረደች። "ይቅርታ ቲቸር" አለች፣ ከንፈሯን ለሕፃን ቃል እንደሚያስጠና ሰው ቀስ አድርጋ እየከፈተች። ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዞር ብላ አየች።

ያን ቀን ሠርከአዲስ ፍቅረየሱስ ቢሮ ድረስ ሄደች። እጇን ለማንኳኳት አነሳች። "ይግቡ" ቢላትስ በምን ትሰማለች? ተመለሰች።

ኅዳር ገባ። ከሲናና ስንዴ የጫኑ መኪኖች በመንገዱ ያልፋሉ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ጉሙ እንደተኛ ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ "ማን ይመልሳል?" አለች።

እጅ በሙሉ ተነሳ። ከኋላ ያሉት እንኳ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ሀዋኒ ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች። "ኤክስ ስምንት ነው" አለ ከንፈሯ፣ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ።

"ጎበዝ!"

ሌላው ተነሳ። አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ መለሰ።

"ጎበዝ! ቀጥሉ!"

ሦስተኛዋ ተነሳች። አንድም የተደፋ ፊት የለም፣ አንድም የተሸፈነ አፍ የለም።  አውቀዋል፤ አውቀውም አዝነውልኛል፣ አለች ሠርከአዲስ በልቧ። እንዲህ ያሉ ልጆችን ነው የፈራሁት? ድምጿን ከፍ አድርጋ ታሞግሳቸው ጀመር፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንደኛ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ደስ ብሏት አስተምራ አታውቅም።

ድንገት የክፍሉ ዓይን በአንዴ ወደ በሩ ሄደ። የቆመችው ልጅ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ሠርከአዲስ ዞረች። ፍቅረየሱስ በሩን ገፍቶ ቆሟል፤ እዚያ ከቆመ ሳይቆይ አልቀረም፣ ፊቱ ደንግጦ ነበር።

"እትዬ ሠርኬ" አለ ከንፈሩ፣ "ክፍሉ እኮ ጭጭ ብሏል። እርስዎ ለማን ነው ጎበዝ የሚሉት?"

ወደ ልጆቹ አየች። ሀዋኒ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ ያለው ልጅ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነክሷል። ድምፅ አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም ከአንዳቸውም አፍ ድምፅ አልወጣም።

ጨዋታ ነው ልትል ትችል ነበር። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አልሰማም" አለች። "ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጮኻችሁ ብትመልሱም አልሰማችሁም ነበር።"

በሹክሹክታ ተናግራው ይሁን ጮኻ፣ አላወቀችም። ሀዋኒ ብድግ ብላ ተነስታ መናገር ጀመረች፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ስለሚፈጥን ይቅርታ ትሁን ሌላ ነገር ትበል አይለይም። ከኋላም ሌሎች ተነሱ። አፎች ሁሉ ባንድ ላይ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

ፍቅረየሱስ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሠርከአዲስ የኮቱን ጀርባ እያየች ቆመች። ከነገ ጀምሮ እሷ ምን እንደምትሆን ሰባተኛ ለ በሙሉ ሰማ፤ ከእሷ በቀር።