ከቢቸና ሞጣ በዘይነባ ድምፅ

«እማዬ፣ እግሬን ነከሰኝ» ስትለኝ እሾህ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ስል የእባቡ ጅራት ድንጋይ ሥር ሲገባ አየሁት። በዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በዘይነባ ቁርጭምጭሚት ላይ ሁለት ነጥብ ደም።

ከቢቸና የወጣነው በፊተኛው ቀን ማለዳ ነው። ሞጣ ያለችው እህቴ ወልዳ፣ ቅቤና የአጃ ዱቄት ይዤላት መሄዴ ነው። በቅሎ ይዘው የሸኙን ጎረቤታችን አያ ደምሴ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሽማግሌ። ጭነቱን አውርደው መንገድ ዳር ካለ ቤት አኖሩት፣ እግሯን በመቀነቴ አሰሩ፣ ሞጣ ጤና ጣቢያ ቶሎ እንድንደርስ በቅሏቸው ላይ አወጧት።

«እንዳታስተኛት» አሉኝ። «እባብ የነካው ከተኛ አይነሳም ይላሉ።»

የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃዬን ካንገቴ አወጣሁ። ቤት ከሶላት በኋላ አብረን የምንለውን ዚክር እሷ እየደጋገመች ትበል፣ እኔ ዶቃውን ልጎትት ተባባልን። ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ እያለች ጀመረች። እኔ ከጎኗ እሮጣለሁ። ድምፅዋ ሲጎላ እግሬ ክንፍ ያወጣል፤ ሲቀጥን ልቤ ቀጥ ይላል።

ረፋድ ላይ ወንዝ ገባን። ውሃው ወገቤ ደረሰ። ኮርቻውን ስጨብጥ ክሩ ተበጠሰ፣ ዶቃው ሁሉ ከውሃው ጋር ሄደ። አያ ደምሴ፣ ቁጥሩን ለእኔ ተዪው ብለው ጣታቸውን ማጠፍ ያዙ። ዳገቱን ስንወጣ ልጄ አንገቷን በበቅሎዋ ጋማ ላይ ጥላ፣ አልሐምዱሊላህ የምትለው በከንፈሯ ብቻ ሆነ።

«አርባ አንድ። ሞላ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ» አሉ ሽማግሌው።

ዘይነባ ቀና አለች። «ሠላሳ ሦስት ነው እኮ አያ ደምሴ። ስምንት አስተረፉ።»

«እኛ እግዚኦ ስንል አርባ አንድ ነው፤ ጣቴ ለምዶ ነው። ለአምላክ ቢበዛ ይጣላል?»

«እንግዲያ ስምንቱ ለበቅሎዋ ይሁን።»

ሳቄና እንባዬ ባንድ ላይ መጣ። ከአርባ አንድ ላይ ሠላሳ ሦስት የምትቀንስ ልጅ ገና ከእኔው ጋር ናት! ከዚያ ወዲያ ዳገት ዳገት አልመሰለኝም። የሞጣ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ «አላሁ አክበር» ላይ ደርሰን ነበር፤ እኔም ጮክ ብዬ አብሬያት አልኩ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌ ወግቶ አሳደራት። በማግስቱ እብጠቱ ጎደለ፤ ሳምንት እህቴ ቤት አገገመች።

ዶቃ ካመለጠ ዚክር የሚቋረጥ ይመስለኝ ነበር፤ አይቋረጥም። አሁን በጣታችን ነው የምንቆጥረው። ሠላሳ ሦስቱ ሲሞላ ዘይነባ የአያ ደምሴን ስምንት ትጨምራለች። ቢቸና ቤታችን ገብተናል። ልጄ ድናለች።