ኪኒን ብቻውን የማይውጥ ሰው

ታላቅ ወንድሜን ስትሮክ ሲመታው፣ ሊጠይቀው ያልመጣ የሚዛን ከተማ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ብቻ ነው። ከአማን በባጃጅ፣ ከጌጫ በሚኒባስ ጎረፉ፤ የቴፒዎቹማ ያመጡት ሙዝ የአንድ ጫካ ጦጣ ዓመት ይቀልባል።

ቀኝ እጁ እንደ ዛለ ቢቀርም ምላሱ ቶሎ ተመለሰ። ሐኪሟ ስታሰናብተው፣ ሁለተኛው ከመጣ እንደ መጀመሪያው እንደማይምረው ነግራ፣ ኪኒኖቹን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ አስጠነቀቀችው። እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ፍራሹን ስትገለብጥ ኪኒን እንደ ዘር ተበትኖ አገኘችና እኔን አስጠራች። ከሐኪም ቀጥሎ ተስፋዋ እኔ፣ የቤተሰቡ ቀልደኛ ነበርኩ፤ እንግዲህ ምን ያህል እንደ ጨነቃት አስቡት።

ለምን እንደማይውጥ ስጠይቀው እኔኑ ተቆጣኝ። የኪኒኑ ሰዓት ጠዋት ሁለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ በጠያቂ ጢም ይላል።

«እንግዳ ቁጭ ብሎ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ያላሳደገኝ መሰለህ እንዴ አባታችን?»

ለካ አንዴ ለቡና ነጋዴ ጓደኛው ግማሹን ቆርሶ ጋብዞታል። ሰውየው ክብር መስሎት ምርቃት ጨምሮ ውጦ፣ ቀኑን ሙሉ ምድር ስትዞርበት ዋለች።

ምክሩን ተውኩት፤ ምክር ከሙዙ በላይ ተከምሮለታል። አንድ ጣሳ ቆሎ ገዝቼ ከኪኒኑ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሚስቱ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንዳንድ ፍሬ ቆሎ፣ ለእሱ ኪኒኖቹን ታድላለች። «እንብላ» ይላል፤ እኩል ይዋጣል። ያ ሁሉ ሽማግሌ አንዲት ገብስ ሲያላምጥ አገር የሚያስታርቅ ይመስላል።

አንድ ጠዋት ግን ሰማዩ ተቀደደ። ሚስቱ ኪኒኑን በሳህን አስቀምጣለት ገበያ እንደ ወጣች ዝናብ አግዷት ደወለችልኝ፤ ቤት ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም። የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ጭቃ ስለዋጠው የቀረውን በሩጫ ጨረስኩት። ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። የኪኒኑ ሳህን ባዶ ነው፤ ከወንበሩ ሥር አንዲት የረጠበች ዶሮ ተኮራምታለች።

«ዋጥክ፣ ጋሼ?»

«እንግዳ ነበረኝ» አለ፣ በአገጩ ወደ ዶሮዋ እየጠቆመ።

«ቆሎውን ማን በላ፣ ኪኒኑንስ?»

አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳልኝ። ስላላመንኩት ፍራሹን ገለበጥኩ፤ ከወንበሩ ሥርም ፈለግኩ። ምንም የለም። ፍለጋዬን እስክጨርስ በትዕግሥት ጠብቆ፣ በደህናው ግራ እጁ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ።

«ዘግይተህም ቢሆን እንግዳ ነህ። አንዲት ፍሬ ውሰድ።»