አባ አትበይኝ

ሁለት ሺህ አስራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጄ ወደ ቤት መጣ። ከኮሶበር ከተማ እስከ ጥርጊያው መንገድ መጨረሻ በባጃጅ ነበር፤ ጭቃው ስላላሳለፈው የቀረውን በእግሩ ተጓዘ። ጃኬትና ሱሪ ለብሷል። የካህን ቀሚሱን አልለበሰም። መንገድ ላይ ሰው እንዳያውቀው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጊዜው የጦርነት ነበር።

ልጄ የካቶሊክ ካህን ነው። በዘንገና ዙሪያ ካቶሊኮች ጥቂት ቤት ነን፤ የተቀረው ጎረቤት ኦርቶዶክስ ነው። ዕድራችን አንድ ነው፤ በደቦም አብረን እንሠራለን። ልጄ ቅስና ሲቀበል ግን ነገሩ አልገባቸውም። የእኛ ካህን አያገባም፤ በእነሱ ዘንድ ግን ቄስ የሚሆን ሰው መጀመሪያ ያገባል። ያላገባ መነኩሴ ነው። አጥር የምንጋራው ሽማግሌ ጎረቤቴ ያኔ መጥተው፣ «ቄስ ከሆነ ሚስቱ የታለች? መነኩሴ ከሆነ ቆቡ የታል?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። የልጄን መስቀል ግን ለዓመታት አልተሳለሙም። የተሳለሙት ሚስታቸው ሲሞቱ ነው። ልጄ ከሚያገለግልበት ቆላ ድረስ መጥቶ ለቅሶው ላይ አብሯቸው ሰነበተ፤ እንጨት ፈለጠ፣ ወንበር ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ ባዩት ቁጥር «አባ ይፍቱኝ» እያሉ ይጎነበሳሉ።

እኔም አባ ነበር የምለው። ቅስና ከተቀበለ ጀምሮ አንተ ብዬው አላውቅም፤ እርስዎ ነው የምለው። ከቆላው ሲደውልልኝ፣ ልንሰናበት ስንል «ይባርኩኝ» እለውና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ያም ቀረ። በሕይወት መኖሩን ሳላውቅ ወራት አለፉ።

ስለዚህ በሩ ላይ ሳየው ተመስገን አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እጁን ሳምኩ። እግሩን ላጥበው ውኃ ባሞቅ አላስነካ አለኝ፤ ራሱ ታጠበ። ድንች ቀቅዬ አቀረብኩለት።

«ይብሉ አባ» አልኩት።

«እማ፣ አባ አትበይኝ።»

«እሺ አባ» አልኩ።

አልሳቀም። ድንቹን እየላጠ ነገረኝ። ለአቡኑ ነግሯቸዋል፤ ወደ አገልግሎቱ አይመለስም። ዘንድሮ ሥራው ሰው መቅበር ብቻ ሆኖ ነበር። ያጠመቃቸው ሰዎች ተበታትነዋል። ቅዳሴውን አንዲት ቃል ሳያጎድል ይቀድሳል፣ እሱ ግን እዚያ የለም። ከንፈሩ ብቻ ነው የሚቀድሰው። ሳልጠይቀው በዚህ ነገር ውስጥ ሴት የለችም አለኝ። አልጠይቀውም ነበር።

«እዚህ ልኑር?» አለ በመጨረሻ። «ካፈርሽብኝ ንገሪኝ። ዳንግላ የማርፍበት አላጣም።»

ተነስቼ የድንቹን ልጣጭ ለበጎቹ ወሰድኩ።

አላለቀስኩም። በክረምት ከምንጭ ስቀዳ እጄ እንደሚደነዝዘው ነበር፤ እንስራውን መያዜን አያለሁ፣ አይሰማኝም። መቁጠሪያዬን ይዤ እጸልይና የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ከሁሉ የከበደኝ እሱን ማናገር ነበር። አባ አትበይኝ ብሏል፤ አንተ ለማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለ። ስለዚህ ሰውን በማይጠራ ንግግር ሰነበትን። «ምሳ ደርሷል» እላለሁ። «ዝናቡ መጣ» እላለሁ። እሱም «እሺ» ይላል።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ቅዳሴ ሄድኩ፤ እሱ ቤት ቀረ። ካህኑ ስለ ካህናት ሲጸልዩ ከሰው ጋር አሜን አልኩ። ማንም ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። ስመለስ ሽማግሌው ጎረቤቴ የልጄን መምጣት ሰምተው እቤት ቆዩኝ። ልጄ ከጓሮ ገና ሲገባ ሲያዩት ተነስተው «አባ ይፍቱኝ» አሉና ጎነበሱ። የልጄ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ፣ ባዶውን ወጣ። መስቀል አልያዘም። ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። ሽማግሌው ጃኬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ብዙም ሳይቀመጡ ተነሱ። ስሸኛቸው አጥሩ ጥግ አቆሙኝ።

«አንቺ፣ ነገሩ ገባኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘገየ እንጂ ደግ አሰበ። ሊያገባ ነው አይደል የመጣው? አግብቶ ይቀስሳላ፣ እንደ ሰው!»

የአንድ መሪጌታ ልጅ እንዳለችም ነገሩኝ። ቁጥብ ናት፣ ባለሙያ ናት፣ ትንሽ ቁመት ይጎድላታል። ፊታቸው በርቶ ነበር። ለእኔ ብለው ነው የተደሰቱት። «እግዚአብሔር ያውቃል ጋሼ» ብዬ ተመለስኩ።

ልጄ በቀርከሃው አጥር በኩል ሰምቶ ኖሯል፤ ስገባ ይስቃል። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ኋላ ሳቁ ቆመ።

«ዝም ካልናቸው ሙሽራዋን ይዘው ይመጣሉ» አለ። «እኔ ልንገራቸው ወይስ ልሂድልሽ?»

አሁንም ተነስቼ እሳቱን ቆሰቆስኩ። ያን ምሽት ጃኬቱን አጥቦ እሳቱ አጠገብ ሰቀለው። ለመንገድ እየተዘጋጀ መሆኑን አወቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ነጠላዬን ለበስኩና ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ፈረሳቸውን ሊያስሩ ገመድ ይዘው ነበር። እንደቆምኩ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ልጄ ሊያገባ አልመጣም። ቅስናውን ትቷል። እኔ ጋ ነው የሚኖረው።»

ፈረሱ ራሱን ነቀነቀ። ይቆጡ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

«ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጥራው?» አሉኝ።

«በስሙ።»

«በስሙ» አሉ ለራሳቸው፣ እንደሚለማመዱት። ከዚያ ፈረሱን ማሰር ጀመሩ።

ቤት ስመለስ ልጄ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በስሙ ጠራሁት።

«ጃኬቱን አውልቅ» አልኩት። «ድንቹ ማሳው ላይ ሳይበሰብስ እናውጣ። አንተ በታች በኩል ጀምር።»