ለጋሼ ታደሰ ብድግ ያልኩበት ቀን

ዛሬ ጋሼ ታደሰ ቤቴ ሲገቡ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ኖር» አልኳቸው። እጄን የትም ሳላስደግፍ።

የሰፈሬ የሳጃና ሰው ያውቃል፣ የጉልበቴ መገጣጠሚያ ካለቀ ወዲህ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» የምለው ተቀምጬ ነው። ጋሼ ደግሞ ተቀምጠው ለሚሏቸው «ኖር» መልስ አይሰጡም። ቅር ብሏቸው መምጣት ሁሉ ቀንሰው ነበር።

አሁን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዋትሳፕ ቪዲዮ ታሠራኛለች። ሥራው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፣ በቃ። «ያላ ኻልቲ፣ ቀስ ብለሽ» ትለኛለች፤ በዓረብኛ «በይ አክስቴ» ማለቷ ነው።

ኔትወርክ ሄዶ ምስሏ ሲደርቅ እኔም በግማሽ እንደተነሳሁ እጠብቃታለሁ። እስክትመለስ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ይሄም ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ጋሼ ዛሬ ቆሜ ሲያዩኝ ዞረው ወጡ።

ጭራሽ ተቀየሙኝ ብዬ ስደነግጥ በሩን አንኳክተው እንደገና ገቡ።

እኔም እንደገና ብድግ አልኩ። «ኖር፣ ጋሼ።»

«በእግዜር» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ለማረጋገጥ ነው። በይ ተቀመጪ ልጄ።»

ተቀመጥኩ። የዛሬው ልምምዴ በዚሁ አለቀ።

እናንተስ፣ ጉልበታችሁ ማን ፊት አሳፍሯችኋል? ማንስ ፊት ክሷችኋል? ጻፉልኝ፣ የማነበው ተቀምጬ ነው።