ገዳዩ ሳይገኝ ማንም አይወጣም

የማደሪያ ጓደኛዬ ፊልም ስታይ መብራት ታጠፋለች። ትናንት የስክሪኗ ጭጋጋማ ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወድቅ፣ በእስራኤል የወደብ ከተማ በአሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ያለው ሳሎናችን፣ ከወደቡ የሚነፍሰው የጨውና የናፍጣ ሽታ፣ የአያቴም «ምን አለ?» የሚለው ድምፅ አብረው መጡብኝ።

ተከታታይ ፊልሙ ስለ አንድ የጥንት የለንደን መርማሪ ነበር። በልጅነቴ በመጽሐፍ ሳውቀው ጨዋ ሰው ነበር፤ አዲሶቹ ሠሪዎች ግን እንቅልፍ ያጣ፣ የሚዋሽ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አደረጉት። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ልጅ ተገደለች፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ጨለማ ነበር። እኔ ከታች የሚጻፈውን ዕብራይስጥ እያነበብኩ ለአያቴ ባማርኛ እተረጉም ነበር። አንድ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ፣ «ይኸኛው የማን ልጅ ነው?» ይሉኛል።

«አልተናገሩም አባባ።»

«ዘሩ ያልታወቀ ሰው በሰው ቤት ምን ይሠራል?»

ከሁሉ በላይ ያበገነኝ ግን መርማሪውን መናቃቸው ነበር። «ብቻውን በጨለማ ምን ያንከራትተዋል? አውጫጭኝ አይቀመጥም?» በጎንደር፣ በሳቸው አገር፣ ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰብ ነበር፤ እውነቱ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

«ለንደን እኮ ነው አባባ!»

«ለንደን ዛፍ የለም?»

የመጨረሻው ክፍል የታየው ሐሙስ ምሽት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የግዴታ ውትድርና ልገባ ነው፤ ጓደኞቼ ሊሸኙኝ ባሕሩ ዳር ይጠብቁኛል። ፊልሙ ገዳዩን ሳይናገር አለቀ። ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ወዴት? የልጅቱ ደም እንዲሁ ሊቀር? ገዳዩ ሳይገኝ ማንም አይወጣም። ተቀመጪ!»

እናቴን ከወጥ ቤት ጠሯት። ከወደብ ሥራው ገና የገባውን አባቴንም ከነጫማው አስቀመጡት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«አሽከሩ ነው፣ በቃ» አለ አባቴ፣ አንድ ክፍል እንኳ ሳያይ።

«ያላየኸውን አትመስክር!»

«ያቺ የምትስቀዋ ሴትዮ ናት» አለች እናቴ። «ሰው ሞቶ ትስቃለች?»

«ዳይ፣ ይብቃ አባባ!» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ። «መርማሪው ራሱ ነው! በቃ፣ ልሂድ!»

አያቴ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ጠያቂው ራሱ ከሆነ፣ እሱን ማን ይጠይቀዋል?» አሉ። አባቴ አዛጋ።

ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሸንጎ ሰው ቆሙ። «እንግዲህ በእኔ ይሁን። እኛ አገር እውነቱ እምቢ ሲል፣ ወጣቶቹ ወደ እርሻቸው እንዲሄዱ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ጥፋቱን በራሱ ወስዶ እንዲህ ይላል፦ እኔ ገደልኳት። ልጄን ልቀቋት።»

«ማን ያዘኝ አባባ፣ ከአንቱ ሌላ?» ብዬ ጮህኩ። አባቴና እናቴ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ መረቁኝ። እኔ በሩን እያየሁ «አሜን፣ አሜን» እል ነበር።

ደረጃውን እየሮጥኩ ስወርድ ድምፃቸው ተከተለኝ። እናቴን፣ «ከዚያ ወታደር ቤት በየስንት ጊዜ ይለቋታል?» እያሉ ይጠይቋት ነበር።

እኔ ከውትድርናው በደኅና ተመለስኩ። የፊልሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲወጣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ታወቀ፤ አያቴ ግን ከዚያ በፊት አርፈው ነበር። አባቴ እስከ ዛሬ አሽከሩ ነው ይላል።