ለትርሲት ጤፍ ወደ ጉቴ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ነቀምት የምትኖረው እህቴ አጸደ የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት፣ ትርሲት። የልጅቱ ሆድ ስንዴና ገብስ አይችልም። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ያለው ፈረንጅ ሐኪም ሕመሙን ሴሊያክ ይለዋል፤ ጠንቁም ግሉተን የሚባለው፣ የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠው ነገር ነው። እህቴ ሁለቱንም እህል ከቤቷ ስታስወጣ ልጅቱ አገግማ ነበር፤ አሁን እንደገና መመንመን ጀመረች። ሐኪሙ «ከአንድ ቦታ እየገባባት ነው፤ ቶሎ ካላገኛችሁት አትተርፍም» አለኝ።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ብሆንም የያዝሁት ሳሕንና ሻሽ ብቻ ነው። ዱቄቱ ይለወስና በሻሽ ተቋጥሮ በውኃ ይታጠባል፤ ስንዴ ካለበት ማስቲካ የመሰለ ነገር ይቀራል። ጥቂት ከሆነ ግን ያመልጣል።

በመንገድ

አምቦን እንዳለፍን ጎኔ የተቀመጡ እናት የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። ከበላሁ በኋላ ጣቶቼን በመሐረብ ስጠርግ ራሴን ታዘብሁት። ባኮ ላይ ምሳ ሳዝ እንጀራው ምን እንደተቀላቀለበት ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ሊበሉ ነው የመጡት ወይስ ሊመረምሩ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

ከሲሬ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘውና ወርደን ገፋን። ነቀምት ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ነቀምት

ትርሲት ሮጣ አልተቀበለችኝም። ከአልጋዋ ላይ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ክንዷን ስይዘው ደነገጥሁ።

በማግሥቱ ጤፉንም፣ ሽሮውንም፣ በርበሬውንም አጠብሁ። በሻሹ ላይ የቀረ ነገር የለም።

«ጨረስህ? ወይስ ምጣዴንም ትፍቃለህ?» አለች አጸደ። «ልጄን እኔ የምገድላት አድርገህ ነው እኮ የምታየኝ!»

እኔም ተቆጣሁ። ትርሲት ቅቅል አንጮቴዋን፣ የወለጋን ሥራ ሥር፣ መብላት አቁማ ስታየን ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

«ጤፉ የት ነው የሚፈጨው?» አልኋት።

«ጉቴ። የዚህ ከተማ ወፍጮ ሁሉ ስንዴ ይፈጫል። የኦቦ ዲንሳ ግን በቆሎና ጤፍ ብቻ ነው። በጎረቤት አህያ እዚያ ድረስ የምልከው ለእሷ ብዬ ነው።»

ያን ቀን ያልተፈጨ ጤፍ ይዘን በጭነት መኪና አብረን ሄድን።

ጉቴ

ኦቦ ዲንሳ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጂርቱ!» ብለው ተቀበሉንና ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞሩ። «ማሎ፣ አሳልፏቸው። የታመመችው ልጅ እናት ናት።» ከዚያ ከጥግ ትንሽ ከረጢት ፈትተው ወደ ወፍጮው አፍ ገለበጡ። ስንዴ ነበር። አጸደ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች።

«ድንጋዩ ሲወቀር አሸዋ ይይዛል፣ ልጄ። የታመመ ሆድ አሸዋ እንዴት ይችላል? መታመሟን ከሰማሁ ወዲህ የእሷ ጤፍ ሲመጣ ሁልጊዜ አስቀድሜ በስንዴ አጥብላታለሁ። የሚወጣውን ለዶሮ እሰጣለሁ። እኔ ስንዴ አልፈጭም፤ ይህችን ከገበያ የገዛሁት ለእሷ ነው።»

ስንዴው አልቆ ጤፉ ሲከተል መጀመሪያ ከወጣው ዱቄት ዘገንሁ። ለውሼ በሻሹ ቋጥሬ አጠብሁት። ውኃው ሲጠራ በሻሹ ላይ ግራጫ ሙጫ ቀረ፤ ልጅቱን የሚጎዳት ይህ የስንዴ ሙጫ መሆኑን ለኦቦ ዲንሳ ነገርኋቸው።

ሽማግሌው በጣታቸው አንሥተው ሳቡት፤ ተለጠጠ።

«ይቺ ናት? ሆዷን አሟታል ሲባል እንጂ ስንዴ አይስማማትም ሲባል አልሰማሁም። ዋቃዮ! እኔ ነኝ ልጅቷን…» ቆባቸውን አወለቁ።

ጥንቃቄ የጎደለውን ሰው ልይዝ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት እኔ ሻሹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት። አጸደ አለቀሰች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣ «ኦቦ ዲንሳ፣ ከእንግዲህ ድንጋዩን በራሷ ጤፍ ይጠቡልኝ» አለች።

«በራሷማ አይሆንም» አሉ። «በእኔ ጤፍ ነው የማጥበው።»

መልስ

ሐኪሙ ገና እንዳየኝ «የማን ቸልተኝነት ነው?» አለኝ። «የማንም» አልሁት።

ለጥምቀት አጸደ ትርሲትን ይዛ መጣች። ልጅቱ የሆስፒታሉን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች፤ ጉንጯን ሳየው ዕንባዬ መጣ። ኦቦ ዲንሳ አንድ ጆንያ አንጮቴ ልከውልኛል።

አሁን እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ሲመጣ ምን እንደበላ ከመጠየቄ በፊት እናትየዋን፣ «ከአንቺ ሌላ ማን ይሳሳለታል?» እላታለሁ።